ጠጠሯን አትጣሏት፦ አሚኖ አሲድ ከኩላሊት ጠጠር ጋር ምን አገናኘው?

ጎንደር፣ አራዳ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ምስር ሲለቅሙ ማየት ያስደስተኛል። ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ መነጽሩ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ነው። ባለፈው ስሄድ ግን ልቀማው ከወትሮው ጠበቅ ብሎ አገኘሁት። ምነው ስላቸው በአገጫቸው ወደ ጓዳ እያመለከቱ "ኩላሊቱ ውስጥ ጠጠር አገኙበት እኮ" አሉኝ። ልጃቸውን ነው። ቀጠል አድርገው አንዲት ደቃቅ ጠጠር በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩኝ። "በዚህች ነው የመጣው።"

ልጁ ደግሞ ጓዳ ቆሞ በፕላስቲክ ኩባያ ዱቄት ይበጠብጣል። ግማሹ የፕሮቲን ዱቄት ነው፣ ግማሹ ኮላጅን። በቴሌግራም ነው የገዛው። ፒያሳ ጂም አብረውት የሚሠሩት ሁሉ ይጠጡታል። ለጡንቻ ነው፣ ለቆዳም ያምራል አለኝ።

ከሁለቱ ለኩላሊቱ የሚቀርበው ዱቄቱ ነው ባይ ነኝ። ግን "ዱቄቱ ጠጠር ሠራበት" ብሎ ፋይሉን መዝጋትም ልክ አይሆንም። ፕሮቲን የሚባለው ነገር ሲፈታ ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲድ ነው። አንዳንዱ ራሱ ጠጠር ይሆናል። አንዳንዱ ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ ለጠጠር ጥሬ ዕቃ ይሆናል። አንዳንዱ ሽንቱን አሲዳማ ያደርጋል። ጭራሽ ጠጠር እንዳያድግ የሚከላከልም አለ። ስለዚህ "ፕሮቲን ለኩላሊት ጠጠር ጥሩ ነው መጥፎ?" ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። የቱ አሚኖ አሲድ? ለየትኛው ጠጠር? ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ የምስሯን ጠጠር እንሸኛት። ከምግብ ጋር የተዋጠ አሸዋ ወደ ደም አይገባም። በአንጀት አልፎ ይወጣል። ጥርስ ሊሰብር ይችላል፤ ኩላሊት ግን አይደርስም። የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው እዚያው ኩላሊት ውስጥ፣ ሽንት ውስጥ ከሟሟ ነገር ነው። ማር ማሰሮ ውስጥ ሲሰነብት ከስር ስኳር እንደሚቋጥር ማለት ነው። ፈሳሹ ከሚችለው በላይ ሲሸከም የተረፈው ይቋጠራል። ከ10 የኩላሊት ጠጠሮች 8 ያህሉ ካልሲየም ያለባቸው ናቸው፤ አብዛኞቹም ካልሲየም ኦክሳሌት ናቸው። ከዚያ የዩሪክ አሲድ ጠጠር አለ፣ ከሽንት ኢንፌክሽን ጋር የሚመጣ አለ፣ ብርቅዬው የሲስቲን ጠጠርም አለ።

ራሱ ጠጠር የሚሆነው

ከብርቅዬው ልጀምር፣ ምክንያቱም አሚኖ አሲድ ያለ ምንም ሽፋን ወንጀለኛ ሆኖ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው።

ሲስቲን ሁለት ሲስቴይን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ተጣምረው የሚሠሩት ነው። ኩላሊት ደም ሲያጣራ አሚኖ አሲዶቹም አብረው ወደ ሽንቱ ቱቦ ይፈስሳሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ግን እዚያው ቱቦ ግድግዳ ላይ የሚጠብቁ ተሸካሚዎች አሉ፤ ለቅመው ወደ ደም ይመልሷቸዋል። ሲስቲኑሪያ በሚባለው የዘር በሽታ ይህ ተሸካሚ ይበላሻል። ተሸካሚው የአራት አሚኖ አሲዶች ነው፦ የሲስቲን፣ የኦርኒቲን፣ የላይሲንና የአርጂኒን። አራቱም ወደ ሽንት ይፈስሳሉ። ሦስቱ በውሃ በደንብ ስለሚሟሟ ምንም አያደርጉም። ሲስቲን ግን አይሟሟም ማለት ይቻላል። ጣጣው እሱ ነው።

የስሙ ታሪክም ደስ ይላል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሃይድ ዎላስተን በ1810 እ.ኤ.አ. አንድ ያልተለመደ የፊኛ ጠጠር መረመረ። ውስጡ ያገኘው ነገር ኋላ ሲስቲን ተባለ፤ ስሙ ፊኛ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሲስቲን ፀጉርና ቀንድ ውስጥ ሞልቶ ሳለ የሰው ልጅ መጀመሪያ ያወቀው ከጠጠር ውስጥ ነው። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ በ1908 እ.ኤ.አ.፣ ሐኪሙ አርችቦልድ ጋሮድ "አብረው የሚወለዱ የሰውነት ኬሚስትሪ ስህተቶች" ብሎ ከዘረዘራቸው አራት በሽታዎች አንዱ ሲስቲኑሪያ ነበር። ዛሬ ሁለት ዘረ-መሎቹ ይታወቃሉ፤ አንዱ 2ኛው፣ ሌላው 19ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው።

አሁን ስሌቱን እዩት። አንድ ሊትር መደበኛ ሽንት 250 ሚሊግራም ያህል ሲስቲን ነው መሸከም የሚችለው። ጤነኛ ሰው በቀን የሚያወጣው ከ30 ሚሊግራም በታች ስለሆነ ጉዳዩ አይደለም። ሲስቲኑሪያ ያለበት ሰው ግን 400 እና ከዚያ በላይ ያወጣል። 750 ሚሊግራም የሚያወጣ ሰው ሲስቲኑ እንዳይቋጠርበት በቀን 3 ሊትር መሽናት አለበት። ሦስት ሊትር መጠጣት አላልኩም፤ መሽናት። በሳምንት ሲደመር አንድ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ነው። ሌሊትም ተነስቶ መጠጣት አለ፣ ምክንያቱም ሽንት የሚወፍረው ሌሊት ነው። ቧንቧ ጠፍቶ ጀሪካን አሰልፈን ለምናውቅ ጎንደሬዎች ይህ ቀላል የሐኪም ትእዛዝ አይደለም።

ከውሃው ሌላ ጨው ይቀነሳል፤ ጨው ሲበዛ ሲስቲኑም አብሮ ወደ ሽንት ይበዛል። ሽንቱን ከአሲድነት የሚያወጣ ፖታሲየም ሲትሬት ይሰጣል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ሲስቲንን ለሁለት የሚሰነጥቁ፣ እንደ ቲዮፕሮኒን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። የጎን ጉዳታቸው ቀላል ስላልሆነ በሐኪም ክትትል ብቻ።

የሲስቲን ጠጠር በአዋቂዎች ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። በልጆች ከፍ ይላል። ታዲያ ለምን ይህን ያህል አወራለሁ? መታወቂያው በጣም ርካሽ ስለሆነ ነው። የሲስቲን ክሪስታል በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ልክ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ባለ ስድስት ጎን ነው። ሌላ የሚመስለው የለም ማለት ይቻላል። የጠዋት ሽንት፣ አንድ ስላይድ፣ ትኩረት የሚሰጥ ዓይን፤ በቃ። ጎንደር ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤና መኮንንና ነርስ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ ማይክሮስኮፕ እዚህ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ጠጠር በልጅነቱ የጀመረው፣ የሚመላለስበት፣ ወይም ወንድም እህቱም ያመማቸው ሰው ይህን ምርመራ ጠይቆ ቢያሠራ አይከስርም። በሽታው በዘር ስለሚተላለፍ አንዱ ላይ ከተገኘ እህት ወንድሞቹም መታየት አለባቸው።

ወደ ኮላጅኑ ስንመለስ

የአክስቴ ልጅ ሲስቲኑሪያ የለበትም እንበል። አብዛኛው ሰው የለበትም። ያኔ ዓይናችንን ወደ ካልሲየም ኦክሳሌት እናዞራለን።

ኦክሳሌት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከምግብ ነው፦ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ። ሌላውን ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል። ጉበት ኦክሳሌት ከሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ሃይድሮክሲፕሮሊን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ይህ አሚኖ አሲድ በብዛት ያለው የት ይመስላችኋል? ኮላጅን ውስጥ። ቆዳን፣ ጅማትን፣ የአጥንትን ውስጥ አያይዞ የሚይዘው ፕሮቲን ነው፤ ከክብደቱ ከመቶ 13 ገደማ ሃይድሮክሲፕሮሊን ነው። ሰውነት ሲፈታው ግላይኦክሲሌት ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ግላይኦክሲሌቱ ካልተያዘ ኦክሳሌት ይሆናል። ኦክሳሌት ደግሞ ከኩላሊት ውጪ መሄጃ የለውም።

ይህ ግምት አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ ሰዎች 30 ግራም ጀላቲን ሲሰጣቸው ሽንታቸው ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ከፍ አለ፤ ያን ያህል የወተት ፕሮቲን ከወሰዱበት ጊዜ በላይ። ጀላቲን የተቀቀለ ኮላጅን ነው። የበሬ እግር ሾርባ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋው እሱ ነው። የገበያው ኮላጅን ዱቄትም ያው የኮላጅን ቁርጥራጭ ነው። ከዚያ ላይ ብዙዎቹ ዱቄቶች ቫይታሚን ሲ ይጨመርባቸዋል። ቫይታሚን ሲም በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ በከፊል ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል። እንግዲህ አንድ ማንኪያ ውስጥ ሁለት የኦክሳሌት ምንጭ።

ይህን ስል አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚጠጣትን የእግር ሾርባ ከአፉ ልነጥቅ አይደለም። ጠጠር የማያውቀው ጤነኛ ሰው ውሃ እየጠጣ ቢወስድ አይወድቅም። ጠጠር አንዴ የያዘው ሰው ግን በየቀኑ፣ ለወራት፣ በማንኪያ እየሰፈረ ኮላጅን የሚጠጣበት ምክንያት አይታየኝም። ቆዳው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ራሱ ገና ያጨቃጭቃል፤ የጠጠር ሕመም ግን አያጨቃጭቅም። ያመመው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ያንን ግላይኦክሲሌት ከኦክሳሌትነት የሚያድነውም አሚኖ አሲድ ነው። ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም አላኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ናይትሮጅን ወስዶ ግላይኦክሲሌቱ ላይ ይለጥፍበታል። ግላይኦክሲሌቱ ግላይሲን ይሆናል። ግላይሲን ሌላ ተራ አሚኖ አሲድ ነው፣ ጉዳት የለውም። ኢንዛይሙ የሚሠራው በቫይታሚን ቢ6 እርዳታ ነው። ይህ ኢንዛይም በውርስ የተበላሸባቸው ልጆች ኩላሊታቸው ገና በልጅነት በኦክሳሌት ይሞላል። በሽታው በጣም ብርቅ ነው፣ ግን ከባድ ነው። አንዳንዶቹ በቢ6 ብቻ ይሻላቸዋል።

ድኝ ያለባቸው

የፋሲካ ነገር እዚህ ይገባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን። ከዚያ አንድ ሌሊት አልፎ ዶሮው፣ ቁርጡ፣ ጥብሱ በአንዴ ይመጣል፤ በላዩ ጠላና አረቄ።

ሥጋና እንቁላል ውስጥ ሜቲዮኒንና ሲስቴይን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ይበዛሉ። ሁለቱም ድኝ አላቸው። ሰውነት ሲያቃጥላቸው ድኙ ሰልፈሪክ አሲድ ሆኖ ይወጣል። አዎ፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ፤ ግን እጅግ በጣም በጥቂቱ። ኩላሊት ይህን አሲድ ማስወገድ አለበት። ሲያስወግድ ሦስት ነገር ይከተላል። ሽንቱ አሲዳማ ይሆናል፤ ፒኤቹ፣ ማለትም ሲወርድ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳየው ልክ፣ ከ5.5 በታች ሲሆን ዩሪክ አሲድ መሟሟት ያቅተዋል። ሲትሬት የሚባለው የሽንት ጠባቂ ይቀንሳል፤ ሲትሬት ካልሲየምን ይዞ ከኦክሳሌት የሚያርቅ ነው። አጥንትም አሲዱን ለማብረድ ካልሲየም ይለቃል፣ ያም ሽንት ውስጥ ይገባል።

ባቄላና ምስርስ ፕሮቲን አይደሉም ወይ? ናቸው። ግን ጥራጥሬ በላይሲን ሀብታም፣ በሜቲዮኒን ድሃ ነው። እህሉ ደግሞ ሜቲዮኒኑን ይሞላለታል። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ የደረሱበት ነገር ነው። ከዚህ ሌላ አትክልትና ጥራጥሬ ፖታሲየምና አሲዱን የሚያበርዱ ጨዎች ይዘው ስለሚመጡ የአሲዱ ሸክም ከሥጋው ያነሰ ነው።

ታዲያ ጾሙ ለኩላሊት ጥሩ ነው ብዬ ልጨርስ? አልችልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ሽንቱ ይወፍራል። ሥጋው ቀርቶ ያገኘውን ጥቅም በጥማቱ ሊያጣው ይችላል። ሲፈታ በደንብ መጠጣት ነው ያለው ብልሃት።

በዚህ ላይ ከማውቃቸው ጥናቶች ሁሉ የምወደው የጣሊያኖቹን ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ጠጠር የሚመላለስባቸው፣ ሽንታቸው ውስጥም ካልሲየም የበዛ 120 ወንዶች ለሁለት ተከፈሉ። 60ዎቹ ወተትና አይብ እንዲቀንሱ ተነገራቸው። ሌሎቹ 60 ካልሲየሙን ሳይነኩ ሥጋና ጨው እንዲቀንሱ ተደረገ። አምስት ዓመት ተከታተሏቸው። ወተት ከቀነሱት 23ቱ ጠጠሩ ተመለሰባቸው። ሥጋና ጨው ከቀነሱት 12ቱ ብቻ። "ጠጠር አለብህ፣ ወተት ተው" የሚለው ምክር እስከ ዛሬ በየሰፈሩ ይሰማል። ምግብ ውስጥ ያለ ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን አስሮ ይዞት ይወጣል። ወተቱ ሲቀር ኦክሳሌቱ ሜዳውን ለብቻው ያገኘዋል።

የሜቲዮኒን ሌላው ፊት ደግሞ ይህ ነው። በሽንት ኢንፌክሽን የሚመጣው ጠጠር የሚያድገው ሽንቱ አሲዳማ በማይሆንበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ አገሮች ለዚህ ዓይነት ታማሚ ሐኪሞች ሜቲዮኒንን እንደ መድኃኒት ያዛሉ፣ ሽንቱን አሲዳማ እንዲያደርግላቸው። ለዩሪክ አሲድ ታማሚ እሳት ላይ ቤንዚን የሆነው አሚኖ አሲድ ለሌላው መድኃኒት ነው። ጎረቤት በታዘዘለት መዳን የማይቻለው በዚህ ነው።

ጠባቂዎቹም አሉ፤ ባጭሩ ልንገራችሁ። አስፓርቲክ አሲድና ግሉታሚክ አሲድ ጫፋቸው ላይ ካልሲየም የሚወድ ክፍል አላቸው። ሽንት ውስጥ ኦስቲዮፖንቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፣ በአስፓርቲክ አሲድ የታጨቀ ነው። ትንሿ የኦክሳሌት ክሪስታል ልታድግ ስትል ላይዋ ላይ ይለጠፍና መንገዱን ይዘጋባታል። ሁላችንም ሽንት ውስጥ ክሪስታል አልፎ አልፎ አይጠፋም፤ ሁላችንም ጠጠር የማይዘን በከፊል በእንዲህ ዓይነት ጠባቂዎች ነው። ግን አስፓርቲክ አሲድ ገዝቶ በመዋጥ ኦስቲዮፖንቲን አይገኝም። ሰውነት ራሱ ነው የሚሠራው። ሻጮች ይህን ክፍል አንብበው አዲስ ዱቄት እንዳያመጡብን።

ልጆች ላይ ነገሩ ይገለበጣል

ይህን ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጉዳት ያደርሳል። "ፕሮቲን ቀንስ" የሚለው ምክር ቁርጥ ለሚያዘወትር የከተማ ሰው ነው። ገጠር ውስጥ እህል ብቻ እየበላ፣ ወተትም እንቁላልም ሳያገኝ ለሚያድግ ሕፃን አይደለም። እንደዚህ ያለ ሕፃን ሌላ ዓይነት ጠጠር ሊይዘው ይችላል፣ የፊኛ ጠጠር። ምግቡ ውስጥ የእንስሳት ፕሮቲንና ፎስፌት ሲያንስ፣ ተቅማጥና ጥማት ሲጨመርበት፣ ሽንቱ ውስጥ አሞኒየም ዩሬት ይቋጠራል። አውሮፓ ውስጥ ድሮ የድሃ ልጆች በሽታ ነበር። ገበታው ሲሻሻል ጠፋ። ሲሸና የሚያለቅስ፣ ሽንቱ እየተቆራረጠ የሚወጣ ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። እንቁላሉንም መስጠት።

ስለ ቆላውም ልጨምር። በየዓመቱ ከጎንደር ዙሪያ ስንት ጎረምሳ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው፣ ላቡ ይንቆረቆራል፣ ውሃው ሩቅ ነው። እሱ ምንም ዓይነት ዱቄት ሳይጠጣ የጠጠር እጩ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የጣሊያን ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የያዛቸውን 199 ሰዎች አምስት ዓመት ተከታትሏል። በቀን 2 ሊትርና ከዚያ በላይ እስኪሸኑ ውሃ ከጠጡት 99 ሰዎች 12ቱ ብቻ ተመለሰባቸው። እንደ ልማዳቸው ከቆዩት 100 ደግሞ 27ቱ። የአሚኖ አሲድ ወሬ ሁሉ ከዚህ ኋላ ነው የሚሰለፈው።

የአክስቴን ልጅ በመጨረሻ የመከርኩት ይህንኑ ነው። ኮላጅኑን አቁም። የፕሮቲን ዱቄቱን ከምሳህ ላይ አትደርብ፤ ለጠጠር ታማሚ የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.8 እስከ 1 ግራም ፕሮቲን ነው። 70 ኪሎ ከሆንክ ከ70 ግራም አይበልጥም፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት ብቻ 20 ግራም ገደማ ይይዛል። ሽንትህ ውሃ እስኪመስል ጠጣ።

"ጠጠሯስ የት አለች?" አልኩት። የመጀመሪያዋ ወጥታ ነበር። ሽንት ቤት ውስጥ ገባች አለኝ፣ እየሳቀ። አብዛኛው ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ ገላገለኝ ብሎ ይሸኛታል። እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ግን በእሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሲስቲን ትሁን ኦክሳሌት፣ ዩሪክ አሲድ ትሁን የኢንፌክሽን፣ በዓይን አይለይም። ትንተናው በየቦታው አይሠራም፤ ቢሆንም ጠጠሯ በእጅ ካለች ሐኪሙ የሚያስልክበት መንገድ ሊፈልግ ይችላል። ከሌለች ግን ሁሉም ግምት ነው። ሁለተኛዋ ገና ግራ ኩላሊቱ ውስጥ አለች፣ 4 ሚሊሜትር። እንዲህ ያለች ትንሽ ጠጠር ብዙ ጊዜ ራሷ ትወጣለች።

አክስቴ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ ተነስተው የሻይ ማጥለያ አመጡና ለልጃቸው ሰጡት። "በዚህ ላይ ሽና። ሻዩን በሌላ አደርገዋለሁ።"